የሷን ለኔ

ጤና ለምን እንደማጠና የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን ከኔ በፊት ያውቀዋል። «ልጅ ሆነሽ ታመሽ ነበር አሉ፤ በዚያው ፍቅሩ አደረብሽ አይደል?» ይሉኛል። እኔም አዎ እላለሁ፤ ምን ልበል? ደሴ ትምህርት የጀመርን ሰሞን አስተማሪያችን በየተራ እያስነሳ ይህንኑ ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁና ስለ ታመመው ልቤ፣ በየወሩ ስለምወጋው መርፌ፣ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ስለነበረችው ነርስ ተረኩላቸው። ከኋላዬ የነበረች ልጅ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት፤ ደስም አለኝ። የተናገርኩት ውሸት አልነበረውም። ግን እህቴ በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የገባችው «ታላቅ እህቴ አዝላ ትወስደኝ ነበር» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያቺን ዐረፍተ ነገር ሳስታውሳት ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ወለል ብሎ ከሚታይበት ተረተር ላይ ነው። አባቴ እህል ይነግዳል። እናቴ ያን ጊዜ መንታ ታጠባ ስለነበር እኛ ሁለታችን እርስ በርሳችን ነበር የምንተያየው። እህቴ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ነው ያደግነው፤ እሷ ስታስል እኔ እነቃለሁ፣ እኔ ስስል እሷ ትረግመኛለች።

ስምንት ዓመቴ ላይ ጉሮሮዬን አመመኝ። ጉሮሮ እኛ ዘንድ በሽታ አይባልም፤ «እንጥሏ ወርዶ ነው» ይባልና ቆራጭ ይጠራል። ተቆረጥኩ፣ ደም ተፋሁ፣ ዳንኩ ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ጉልበቴ አብጦ መቆም አቃተኝ። አንዱ ጉልበት ሲሻለው ሌላው ያብጣል፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ክርኔ። ጎረቤት ሁሉ «ዓይን ነው» አለ። አባቴ ግን ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወደ ደሴ ላኩን። የደሴው ሐኪም ደረቴን አዳምጦ ሲያበቃ፣ የጉሮሮው ሕመም በጊዜ ስላልታከመ ልቧን ነክቷታል፣ እያደገች ስትሄድ እንዳይብስባት በየወሩ መርፌ መወጋት አለባት አለው። አባቴ «ልብ» የሚለውን ሲሰማ ወንበር ሳይፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያን ቀን ነው መሞት እንደምችል ያወቅኩት።

መርፌው አይጣል ነው። ነጭና ወፍራም መድኃኒት ነው፤ ሲገባ እግር ድረስ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያስነክሳል። ቀኑ ሲደርስ እህቴ ከትምህርት ቤት ትቀርና ጤና ጣቢያ ትወስደኛለች። ስሄድ በእግሬ፣ ስመለስ በጀርባዋ። መርፌው ሲገባ ትከሻዋን እነክሳት ነበር፤ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። «ንከሺኝ እንጂ አትጩሂ፣ ሰው ይሰማል!» ትለኛለች። አንድ ቀን አድምቼያት ለእናታችን «ጥጃ ነው የነከሰኝ» አለቻት። የሚነክስ ጥጃ! እናታችንም አመነች።

የምትወጋኝ ነርስ ከግሸን በኩል የመጣች፣ ድምፅዋ ከበር የሚሰማ፣ ደልደል ያለች ሴት ነበረች። «ማርያምን! ዛሬ ካላለቀስሽ ልብሽን አሰማሻለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። አላለቀስኩም፤ የእህቴን ትከሻ ነክሼ ቀረሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ሰካችልኝና ጫፉን ደረቴ ላይ አደረገችው። እኔ ውስጥ ያ ሁሉ ጫጫታ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ ይኖራል ብዬም አላሰብኩም። የውሃ ጎማ ቁራጭ አግኝቼ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ አከምኩ። መንታዎቹ ይሸሻሉ፤ እህቴ ግን ተጋድማ «ዶክተር፣ ሁሉንም ነው የሚያመኝ» ትላለች፣ ትሞታለች፣ አስነሳታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የመረመርኩት የሷን ደረት ነው።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። በዚያው ዓመት አባቴ ስለኔ ዱዓ አስደረገ። አባቶች ተጠሩ፣ ጫቱ ተመርቆ ተጀባ፣ ለየሰዉ ታደለ፣ ቤቱ ሞላ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ወዳጃ በሚባለው በዚህ የጋራ ዱዓ ላይ እያንዳንዱ ያሰበውን ይናገራል፣ አባቶቹ ይመርቁለታል፣ ቤቱ ባንድ አፍ «አሚን» ይላል። አንዱ ዝናብ ለመነ፣ አንዷ ዐረብ አገር ስላለች ልጇ ለመነች፤ አሚን፣ አሚን። አባቴ እኔን ጭኑ ላይ አስተኝቶ «ይህቺን ልጄን አላህ ይማርልኝ» አለ፤ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ይሄኔ እህቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ሻሿን ጥርሷ መሀል ይዛ ነበር፤ አወጣችውና «የሷን ለኔ ያድርገው» አለች።

ቤቱ ለምዶ «አሚን!» አለ። ምን እንደተባለ የገባቸው አሚኑ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው «ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ተብሎ አይለመንም!» አሏት። እናቴ ክንዷን ይዛ ቁጭ አደረገቻት። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ለመነና ዱዓው ቀጠለ።

እኔ አባቴ ጭን ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የተሰማኝን ልናገረው፦ ደስ አለኝ። «ኧረ አይሆንም» አላልኩም፣ አላለቀስኩም። እንግዲህ ወደሷ ይሄዳል፣ እኔም አልሞትም አልኩ በሆዴ። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ትሉኝ ይሆናል። ወላሂ አውቅ ነበር።

እኔም እየተሻለኝ ሄደ። ነርሷ «መርፌው ነው» ትላለች፣ አባቴ «ዱዓው ነው» ይላል፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። መርፌዬን እየተወጋሁ አደግኩ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። እህቴ በኔ ምክንያት እየቀረች ትምህርቱ አልሆነላትም፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተወችና ትንሽ ቆይታ ዐረብ አገር ሄደች። ዓመታት የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰች፣ ውጫሌ ባጃጅ የሚነዳ የአምባሰል ሰው አገባች። በስልክ ባወራን ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልብሽ እንዴት ነው?» ነበር። «ልቤ ደህና ነው፣ ፈተናው ነው የገደለኝ» እላታለሁ። እኔ ግን የሷን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ምኗን ብዬ? እሷ እኮ ደህናዋ ናት!

ባለፈው ዓመት ለአረፋ ውጫሌ ሄድኩላት። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። መንገድ ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝና ወደ ቤቷ የምትወስደውን ትንሽ ዳገት አብረን ጀመርን። ትንሽ ሄድ እንልና ቆም ትላለች። «ያ የማን በሬ ነው እቴ? እንዴት ሸጋ ነው!» ደግሞ ትንሽ ሄድ፣ ደግሞ ቆም። «እነዚያ ደግሞ ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱት እንዴ?» እኔ ምን አውቄ፣ የውጫሌ ሰው ነኝ እንዴ? መጀመሪያ ሳቅኩባት። ከዚያ አፏን ሳይሆን ትከሻዋን ማየት ጀመርኩ፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ላይ ይነሳል። ለወሬ ሳይሆን ለትንፋሽ ነበር የምትቆመው።

ከምሳ በኋላ ዐረፍ ስትል አልተጋደመችም፤ የጤፍ ጆንያ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ዓይኗን ጨፈነች። «ጋደም አትዪም?» አልኳት። «ጋደም ካልኩ ያፍነኛል።» ባሏን ወደ ውጭ ጠርቼ ጠየቅኩት። ደግ ሰው ነው፤ ግን «ነፍሰ ጡር አይደለች? ምን ትሁን ብለሽ ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ከሴቶች ክፍል ልምምድ ገና መውጣቴ ነበር። እንዲህ የምትተነፍስ ነፍሰ ጡር ካያችሁ እርግዝና ነው ብላችሁ አትለፏት፣ ልቧን አዳምጡ ብለው አስተማሪዎቻችን የነገሩን ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። ማዳመጫዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ዛሬ ደግሞ እውነተኛውን አመጣሽው!» ብላ ሳቀች። «ዶክተር፣ ሁሉንም ነው የሚያመኝ።»

«ዝም በይ እስቲ» አልኳት።

ከምቱ ኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ከሩቅ እንደሚሰማ ያለ ጉርምርምታ ነበር። ቦታ ቀየርኩ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በግራ ጎኗ አዞርኳት፤ ይብስ ጎላ። የኔው በሽታ ነው፤ ያውም ዓመታት ያልታከመ፣ የልቧን በር ያጠበበ። እንዲህ ያለ ልብ ምጥ ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ተምሬዋለሁ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩ።

«መቼ ነው ጉልበትሽ ያበጠው?» አልኳት። ጉልበት አላለችኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሳቋ ቆመ። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ነገር እንዳላጠፋ ሰው ነገረችኝ። ዱዓው በተደረገ በሚቀጥለው ክረምት ነው። ጉሮሮዋን አመማት፣ ከዚያ ጉልበቷ አበጠ። ውሃ ስቀዳ ወደቅኩ ብላ ለእናታችን ነገረቻት። «ተቀበለኝ አልኩ» አለችኝ፤ ፊቷ በራ። «ወላሂ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንቺ በዚያ ሰሞን ነው መሮጥ የጀመርሽው።»

«ለምን አልታከምሽም? እዚያው ጤና ጣቢያ፣ እዚያው መርፌ ፊት ቆመሽ!»

«ከታከምኩማ ወዳንቺ ይመለሳል» አለች።

ቆሽቴ አረረ። እኔ ስፈራ ነው የምቆጣው፣ መጥፎ ጸባይ ነው፤ ጮኽኩባት። በሽታ ከሰው ወደ ሰው በዱዓ እንደማይዞር፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ስንተሳሳልበት ሁለታችንንም እንደያዘን፣ የኔ ቀድሞ የሷ ዘግይቶ መውጣቱ ብቻ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁለታችንም ተራ በተራ እየተወጋን እንድን እንደነበር ነገርኳት። የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። ጨርሼ እስክቆም በትዕግሥት ጠበቀችኝ።

«አንቺ ድነሻል አይደል?» አለችኝ።

«በመርፌው ነዋ!»

«መርፌ የተወጋች ሁሉ ድናለች?»

መርፌያቸውን ሳያጓድሉ ልባቸው የደከመ ልጆች ደሴ ላይ አይቻለሁ። ፊቴን አየችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። እኔ ለአላህ ሰጥቼ አልቀበልም።» ተነስታ ለእንግዳዋ፣ ማለትም ለኔ፣ የሚቀመስ ነገር ልታቀርብ ጓዳ ገባች።

በዚያ ሌሊት ያሰብኩት ተንኮል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጠዋት «የኔን ልብ የማሳይበት ቀን ደርሷል፤ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ» አልኳት። ነገሩን ጨርሼ ሳልናገር ሻሿን እያሰረች ነበር። ባሏ ተቃወመ፣ መንገዱ ያንገላታታል አለ፤ «እሷን ብቻዋንማ አልሰዳትም!» አለችው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን ለኔ ለቀቀችልኝ፤ ነፋስ እንዳገኝ። ሐይቅ ስንደርስ ሻጮቹ ዓሣቸውን በመስኮት ሲያሳዩን እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ «አይምታሽ፣ አትደንግጪ» ትለኛለች። ልጅ ሆኜ የተሸከመችኝን ሁሉ ወጥመድ አድርጌ ነው ደሴ ድረስ የወሰድኳት።

ልምምድ ላይ ያስተማረችን ሐኪም ነበረች፤ በስልክ ነግሬያታለሁ። «መጀመሪያ እኔን እዪኝ፣ እሷ ካላየች አትቀመጥም» ብያት ነበር። ክፍሏ ገብተን አልጋው ላይ ወጣሁ። እህቴ ራስጌዬ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርአን እየቀራች ነው። ሐኪሟ ጊዜዋን ወስዳ አዳመጠችኝ፣ በልብ ማያ መሣሪያውም አየችኝ። «ያንቺ ንጹሕ ነው» አለች። «ምንም የቀረ ነገር የለም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እህቴ። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አሳረፈች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ወጣ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፣ በሠርጓም። ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና ቦርሳዬን አንስታ «በይ ተነሽ፣ እንሂድ» አለችኝ።

እኔ ጅሏ ያን አላሰብኩትም። የኔ ልብ ንጹሕ መሆኑን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ የለመነችው መጽናቱን አየች። አሁንማ ማን ያሳክማታል?

«ያንቺን ደግሞ ትንሽ ልስማው» አለቻት ሐኪሟ።

«የኔ ደህና ነው፣ አላህ ይስጥሽ።»

ቀድሜያት በሩ ጋ ቆምኩ። ሰው ፊት ነው፣ ሐኪም ፊት ነው፣ ግን ሁሉንም ረሳሁት። «እቴ፣ እንዲህ ሆነሽ ካማጥሽ ትሞቻለሽ» አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኳት፣ ሳላለዝበው።

«የአላህ ነው» አለች። አልደነገጠችም። «ብሞትም አንቺ አለሽለት። አንቺ ታሳድጊዋለሽ፣ ሐኪም እኮ ነሽ።» ቆማ እንኳ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ አሁን ግን ስለ በሬም ስለ ቆርቆሮም የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም። በእጇ ገፋ አደረገችኝ። ልታልፈኝ ነው።

እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ። «እሱስ?» አልኳት። «እሱ መቼ ነው አሚን ያለው?»

ቆመች። ሆዷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሐኪሟ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይገባት ወንበር ሳበችላትና እህቴ ቁጭ አለች። ቦርሳዬን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ስታስቀምጠው፣ መወሰኗን አወቅኩ።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ልጮህ፣ ላቅፋት በተገባኝ ነበር። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ያን ሁሉ ተምሬ፣ ጠዋትና ማታ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ፣ ለእህቴ ስለ ጀርም ጮኼ፣ ያቺ ቦርሳ መሬት ስትነካ እጄ ሄዶ ጉልበቴን ዳሰሰ፤ ተመልሶብኝ አብጦ እንደሆነ። አንዴ ብቻ ነው፣ ማንም ያላየው መስሎኝ ወዲያው መለስኩት። የስምንት ዓመቷ ልጅ እዚያው ነበረች።

እህቴ አይታዋለች። እኔን የሚያመኝን ነገር መቼ አምልጧት ያውቃል? ከወንበሩ ተነስታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃት የሚገባኝ እኔ ስሆን፣ ዓይኔን ማየት ፈርታ ወደ ወለሉ እያየች፣ «አውፍ በይኝ እህቴዋ» አለችኝ። «አንቺን ጠልቼ አይደለም።»

አውፍ ካላልኳት አትጋደምም። «አውፍ ብዬሻለሁ» አልኳት። ያኔ ለሐኪሟ ደረቷን ከፈተችላት።